ፀረ-ማን? ፀረ-ምን?

«ፔዳ» እና «ፖሊ»። በባሕር ዳር የሚኖር ተማሪ እነዚህን ሁለት ስሞች በቀን አሥር ጊዜ ሳይጠራ አይመሽለትም። ባጃጅ አስቁመን «ፔዳ!» እንላለን፤ ሾፌሩም ያለ አንዳች ጥያቄ ያደርሰናል፤ ከፍለን እንወርዳለን፤ አለቀ። ባለፈው ሰሞን ግን፣ ከእራት በኋላ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ ከመካከላችን አንዷ «ለመሆኑ ፔዳ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ብትጠይቅ ስምንት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጸጥ አልን። ኋላ አንዱ ደፈር ብሎ «ፔዳል ከሚለው ይሆናላ! ባሕር ዳር የብስክሌት አገር አይደለች?» አለ። ተሳሳቅን። ሳቃችን ግን የሚያውቅ ሰው ሳቅ አልነበረም።

መልሱን ፈልገን አገኘነው። ፔዳ የ«ፔዳጎጂ» ቁራጭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ የፔዳጎጂ አካዳሚ ይባል ስለነበር ስሙ ተቆርጦ በሰው አፍ ቀረ። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ፓይስ» ልጅ፣ «አጎጎስ» መሪ። በጥንቱ ግሪክ አገር ልጁን ከቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ባሪያ እንዲህ ይባል ነበር። ፔዳል ግን የላቲን ነው፤ እግር ማለት ከሆነው «ፔስ» ከሚለው ቃል የወጣ። አንዱ ልጅ፣ አንዱ እግር፤ መልካቸው መንታ፣ እናታቸው ለየቅል። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክም የግሪክ ልጅ ነው፤ «ፖሊ» ብዙ፣ «ቴክኔ» ጥበብ። ታዲያ ፖሊስስ? ብዙ ምን ሊሆን ነው? ምንም። እሱ ከተማ ማለት ከሆነው «ፖሊስ» ከሚለው ሌላ የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ሁለቱ ተቋማት በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ ስሞቻቸው ግን እስከ ዛሬ ለየብቻቸው ይኖራሉ፤ እኛም ትርጉማቸውን ሳናውቅ በመካከላቸው ስንመላለስ ከረምን።

ይህን ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። ጠብ ይዘናል። ጠባችንም ከአንዲት ወረቀት ጋር ነው።

ወረቀቷን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በየትምህርት ቤቱ ስትባዛ የኖረች፣ ከፎቶ ኮፒ ብዛት ፊደሏ የደበዘዘ፣ በግራ በኩል የእንግሊዝኛ ባዕድ መነሻዎች፣ በቀኝ በኩል አንዳንድ ቃል ትርጉም የተደረደረባት ናት። «አንቲ፦ ተቃዋሚ። ፕሪ፦ በፊት። ፖስት፦ በኋላ።» ይህችን የሸመደደ ሺህ ቃል ያውቃል ተባልን። ከመካከላችን አንዱ፣ የተማረበት ትምህርት ቤት ይቆየንና፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ «አንቲሲፔት» የሚል ቃል ገጠመው። ወረቀቷን አስታወሰ፤ «አንቲ፦ ተቃዋሚ»። «መቃወም» የሚለውን መርጦ ኮራ ብሎ ወጣ። ቃሉ ግን አስቀድሞ መጠበቅ ማለት ነው። መነሻው በላቲን «አንቴ»፣ በፊት ማለት፣ ከዚያ «ካፔሬ»፣ መያዝ ማለት፤ ቀድሞ መያዝ። ገና በላቲኑ ግሥ ውስጥ «አንቴ» በ«አይ» ፊደል ስለተጻፈ ልጁ ዋጋውን ከፈለ።

እስቲ እንቀጥል። «አንቲክ»፣ በአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ቤት የምናገኘው፣ እሱም የ«አንቴ» ዘመድ ነው፤ ጥንታዊ ማለት እንጂ የማንም ተቃዋሚ አይደለም። «አንቴና» ደግሞ በላቲን የመርከብ ሸራ የሚሰቀልበት አግዳሚ እንጨት ነበር፤ ከዚያ የነፍሳት ቀንድ ሆነ፤ ከዚያ ጣሪያችን ላይ ወጣ። «አንቴሎፕ» ለምንለው የዱር እንስሳ ስም ያበደረው በተረት የሚነገር አውሬ ነው። በጣም የገረመን ግን «አንቲመኒ» ነው። ይህ እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉበት የኩል ማዕድን ነው። የስሙን ምንጭ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል፤ ፈረንሳዮች ግን ድሮ ቃሉን ለሁለት ሰንጥቀው «ፀረ-መነኩሴ» ማለት ነው የሚል ተረት ፈጠሩለት፤ መነኮሳት ቀምሰውት አለቁ ተባለ። ይኸ እንግዲህ የኛይቱ ወረቀት ዘዴ ነው፤ መነሻውን ቁረጥ፣ ትርጉም ለጥፍ፣ ለቀረው ተረት ፍጠር። ኩል ፀረ-መነኩሴ ነው ብለን ለዳጋ እስጢፋኖስ ወይም ለክብራን ገብርኤል አባቶች ብንነግራቸው ምን እንደሚሉን መገመት አያዳግትም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ከሳቅ ያልፋል። «አንቲ»ና «አንቴ» በአንዲት ፊደል ይለያያሉ። ለነፍሰ ጡር ሴት በጤና ጣቢያ የሚደረገው ክትትል በእንግሊዝኛው «አንቴ» አለበት። ያቺን ወረቀት ብቻ ያመነ ሰው ይህን «ፀረ-ወሊድ» ብሎ ይፈታዋል። ቸር ያሰንብተው፣ አማርኛው ቀድሞ «ቅድመ ወሊድ» ብሎ በትክክል ሰይሞታል፤ ሌላውን ደግሞ «የወሊድ መከላከያ» ብሎ ለይቶታል። አንደኛው ልጅ የሚጠበቅበት፣ ሁለተኛው ልጅ የሚቆምበት። በመካከላቸው ያለው ገደል የሰው ሕይወት ያህል ነው፤ ወረቀቷ ግን አንዲት ፊደል ታየዋለች።

ከዚህ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ በጎጃም የቅኔ ቤቶች፣ በዋሸራ በሉት በጎንጅ፣ ተማሪው ግስ ሲማር አንድን ቃል ከነሥሩ፣ ከነርባታው፣ ከነዘመዶቹ ያወርዳል። በቃሉ ራስ ላይ የመጣውን ፊደል አይቶ «ገባኝ» የሚል የቅኔ ተማሪ ይቀለድበታል። አባቶች ያን ከፊት የሚቀጠል ፊደል «ባዕድ» ያሉት በከንቱ አይደለም፤ የቤቱ ሰው አይደለም፣ እንግዳ ነው፣ ቤቱን አይተህ ፍረድ ማለታቸው ነው። እኛ የነሱ ልጆች እንግዳውን አይተን ቤቱን እናውቃለን ባዮች ሆንን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉት ለዚህ ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ስለ እንግሊዝኛ ነው። ዋናው ጠባችን ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ወረቀቷ ከእንግሊዝኛ ክፍል ወጥታ አማርኛችን ውስጥ ገብታለችና። «አንቲ» ባየን ቁጥር «ፀረ» እንላለን። ፀረ-ተባይ፣ ፀረ-አረም፣ ፀረ-ወባ፣ ፀረ-ኤድስ፣ ፀረ-ሙስና፣ ፀረ-ሰላም፣ ፀረ-ልማት፣ ፀረ-ሕዝብ። ለመሆኑ «አንቲ» እና «ፀረ» አንድ ናቸው ያለን ማነው?

«ፀር» የግዕዝ ስም ነው፤ ጠላት ማለት። ሲበዛ «አፅራር» ይሆናል። ባዕድ መነሻም አይደለም፤ እንደ «ቤተ» በቤተ መንግሥት፣ እንደ «ሥነ» በሥነ ጥበብ፣ ከኋላው ያለውን ስም የሚዘርፍ ሙሉ ቃል ነው። «ፀረ ማርያም» ሲባል የማርያም ጠላት ማለት እንደሆነ ማንም ምእመን ያውቃል። ስለዚህ «ፀረ-እገሌ» ባልን ቁጥር «የእገሌ ጠላት» ብለናል፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

የግሪኩ «አንቲ» ግን መጀመሪያ ጠላት ማለት አይደለም። ፊት ለፊት፣ ትይዩ፣ በምትክ ማለት ነው። አንታርክቲካ የአርክቲክ ጠላት አይደለችም፤ ከወዲያ ማዶ ትይዩ ያለች ምድር ናት። «አንቲፎን» ድምፅ ለድምፅ ሲመልስ ነው፤ ሁለት የመዘምራን ወገን ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ሲያነሣ ሌላው ሲቀበል። ይህን ለማየት ግሪክ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ በበዓል ቀን ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ አንዱ ወገን ያለ ሌላው ወገን ዜማውን አይጨርሰውም። ከዚሁ ከ«አንቲፎን» ነው እንግሊዞች የብሔራዊ መዝሙር መጠሪያ የሆነውን «አንተም» ያወጡት። እንግዲህ ያቺ የተፈራች «አንቲ» በመዝሙር ውስጥም አለች፤ እዚያ ሥራዋ መልስ መስጠት ነው።

አማርኛ ለዚህ ቃል አጥቶ ነው? በጭራሽ! «ተቃወመ» የሚለውን ተመልከቱ። ሥሩ «ቆመ» ነው። ተቃዋሚ ማለት ትይዩ የቆመ ሰው ነው፤ ቆሟል፣ አልተኛም፣ አልሸሸም፣ ፊት ለፊትህ ነው፤ ልታናግረው ትችላለህ። የቀድሞ ተርጓሚዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በዮሐንስ መልእክት ላይ ግሪኩ «አንቲክሪስቶስ» ያለውን የግዕዙ ሊቃውንት «ሐሳዌ መሲሕ» አሉት፤ ሐሰተኛ መሲሕ፤ ሥራው ምን እንደሆነ ነገሩን። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «የክርስቶስ ተቃዋሚ» አለው። ሁለቱም ቃል በቃል ከመለጠፍ ይልቅ ማሰብን መረጡ። ለመርዝ የሚሰጠውን «አንቲዶት»ስ ባላገሩ ምን ይለዋል? «ማርከሻ»! መርዙን የሚያረክስ፣ ኃይሉን የሚያሳጣ። «ፀረ-መርዝ» ከሚለው ስንት እጥፍ ያምራል፤ ስንት እጥፍስ ያስረዳል!

በአንድ ቦታ ላይ ደግሞ የዘመኑን ተርጓሚዎች እናመስግን፤ ጠብ ስለያዝን ሐቅ አንክድም። ሰውነታችን በሽታን የሚዋጋበትን «አንቲቦዲ» እንደ ወረቀቷ ቢተረጉሙት «ፀረ-አካል» ይሆን ነበር፤ የአካል ጠላት! እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ እሱ የአካል ወታደር ነው። ይህን የተረዳ አንድ አስተዋይ ሰው «ፀረ እንግዳ አካል» አለው፤ «እንግዳ» የምትል አንዲት ቃል ጨምሮ ወታደሩን ከጠላት ሰልፍ አወጣው። አንዲት ቃል! እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሳይንሱ ውስጥ ከተቻለ በጋዜጣውና በስብሰባው ላይ ለምን አይቻልም?

ፀረ-ተባይና ፀረ-አረም ላይ ጠብ የለንም። መድኃኒት ለተባይ ጠላት ቢሆን ምን ነውር አለው? ገበሬው ግን «የአረም መድኃኒት»፣ «ተባይ ማጥፊያ» ማለቱን አልተወም፤ ምክንያቱም ግስ ይወዳል። ግስ ያለው ቃል ደግሞ ይጠየቃል። ከዚህ ከጣና ዙሪያ ምሳሌ እናምጣ። በ1950/51 ዓ.ም. በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። ከዚያ ወዲህ ዲዲቲ የሚረጩ ሠራተኞች በየቤቱ ግድግዳ ዞሩ፤ ሥራውም «ወባ ማጥፊያ» ተባለ። አጠፋ እንዴ? አላጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1969 ወባን ከምድረ ገጽ የማጥፋት ዘመቻውን ተወ፤ በእኛም አገር «ማጥፋት» ቀርቶ «መቆጣጠር» ተባለ። አያችሁ ግስ ምን እንደሚያደርግ? «አጠፋለሁ» ያለ ሰው «አላጠፋህም» ይባላል፤ ያፍራል፤ ቃሉን ያርማል። «ፀረ-ወባ ነኝ» ያለ ግን ምን ይባላል? ወባው ሰፈሩን ቢጨርሰው እንኳ እሱ ፀረ-ወባ ነው!

አሁን ወደ እምቦጭ እንምጣ። ይህ ከአማዞን ምድር የተነሣ አረም በጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ «ፀረ-እምቦጭ» ያልሆነ ማን አለ? ካናቴራ ታተመ፣ መፈክር ተሰቀለ፣ ተዘፈነ። በደምቢያ በኩል ያለው ገበሬ ግን «ነቀላ» ነው የሚለው። ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅላል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የአንድ ወር ዘመቻ ሲታወጅም ሥራውን የሠራው በአብዛኛው ያ እጅ ነበር። «ነቀላ» ሲባል ወዲያው ጥያቄ ይከተላል። ተነቅሎ የት ተጣለ? ዳር ላይ የተከመረው ክረምት ሲመጣ ተመልሶ ገባ ወይስ አልገባም? ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ እንደሚቆይ እየታወቀ የከርሞ ነቀላ ማን ይዞታል? ከእርሻው የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማው የሚለቀቀው ፍሳሽ አረሙን እየመገበው እያለ ነቀላ ብቻ ይበቃል? «ፀረ-እምቦጭ» ግን ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አያስነሣም። ጠላት ማን እንደሆነ ነግሮን ወደ ቤታችን ይሸኘናል። «ፀረ» እጅ የላትም፤ ጣት ብቻ ናት።

ጣቷ ወደ ሰው ስትዞር ደግሞ ምን እንደምታደርግ የአባቶቻችን ትውልድ በደሙ ያውቀዋል። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ፀረ-ፊውዳል፣ ፀረ-ኢምፔሪያሊስት፣ ፀረ-ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም ነኝ አለ። ተማሪውም ከዚያ አስቀድሞ ይህንኑ ሲል ነበር። ልብ በሉ፤ እነዚህ «ፀረ»ዎች ሰው ስለ ራሱ የሚናገራቸው ናቸው፤ የሚያነጣጥሩትም ሥርዓት ላይ ነው። ዓመት ሳይሞላ ግን ሌሎች «ፀረ»ዎች መጡ። ፀረ-አብዮት፣ ፀረ-ሕዝብ፣ ፀረ-አንድነት። እነዚህን ማንም ስለ ራሱ ብሎ አያውቅም። «እኔ ፀረ-ሕዝብ ነኝ» ብሎ የተነሣ ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ አልታየም። ሌላው ነው የሚለጥፍልህ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር፣ በየመንገዱ ዳር ከተጣሉት ወጣቶች በስንቱ ደረት ላይ ይህች ቃል በወረቀት ተለጥፋ ነበር! ምን እንዳደረገ አልተጻፈም። ሰረቀ? ገደለ? ጽሑፍ በተነ? ግስ የለም። «ፀረ» ብቻ። ጠላት ከሆነ ምን ይጠየቃል!

«ያ ያለፈ ታሪክ ነው» የሚለን አይጠፋም። እኛ ግን በዘመናችንም ሰምተናል። የፀረ-ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጋዜጠኞችና ጦማሪዎች ተከሰሱበት። በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተካ፤ የአዲሱም ርዕስ «ፀረ»ን ጥሎ «መከላከል»ና «መቆጣጠር» የሚሉ ግሶችን ያዘ። ስም ስለተለወጠ ሥራ ተለወጠ አንልም፤ ያን የሚፈርደው ሌላ ሚዛን ነው። ግን ግስ ስለተጻፈ ቢያንስ «ምን ተከላከልክ? ምን ተቆጣጠርክ? እንዴት?» ብለን ልንጠይቅ እንችላለን። በዜናውና በመግለጫው ግን «ፀረ-ሰላም ኃይሎች» ዛሬም እንደ ጨው ይነሰነሳል፤ የሚገርመው ግራም ቀኝም፣ ጫካም ከተማም አንዱ ሌላውን በዚያችው ቃል መጥራቱ ነው። በየትምህርት ቤታችን የነበረው «ፀረ-ኤድስ ክበብ» እንኳ፣ በቅን ልብ የተቋቋመው፣ ቃሏ ከቫይረሱ ዘልላ ስንት ጊዜ በሕመምተኛው ልጅ ላይ እንዳረፈች ከመካከላችን ያዩ አሉ። አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፍቶ ነበር።

ወዳጆቻችን ሁለት ነገር ይሉናል። አንደኛው፣ «ቋንቋ ያድጋል፤ ‹ፀረ› ድሮ ጠላት ቢሆንም ዛሬ ለዝቶ ባዕድ መነሻ ሆኗል፤ እናንተ የግዕዝ ጥርስ ትቆጥራላችሁ» ነው። ለዝቶ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለን። የለዘዘ ቃል ግን ሰው አያስገድልም። ሁለተኛው የበለጠ ከበድ ይላል፤ «ታዲያ ሕዝብ የሚያርደውን፣ ድልድይ የሚያፈርሰውን ምን እንበለው? ለስላሳ ቃል እንፈልግለት?» ይሉናል። ለስላሳ ማን አለ? አራጅ በሉት! ድልድይ ያፈረሰ በሉት! የት፣ መቼ፣ የትኛውን ድልድይ እንደሆነ ጨምሩበት። ይህ ከ«ፀረ» ይልቅ ይቆርጣል፤ ሐሰት ከሆነም ተከሳሹ «እኔ አላፈረስኩም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። «ፀረ-ሰላም አይደለሁም» ብሎ የተከራከረና የረታ ሰው ግን አሳዩን።

ስለዚህ በዚች በምናባዛት ወረቀት ላይ ስንስማማ አንድ ነገር ወስነናል። ለተባይ፣ ለአረም፣ ለበሽታ መድኃኒት «ፀረ» ማለት የፈለገ ይበል፤ «ማጥፊያ»ና «ማርከሻ» የሚል ግን ቅድሚያ ያገኛል። በሰው ስም ወይም በሰዎች ቡድን ላይ «ፀረ» የለጠፈ ጽሑፍ ግን ሰውዬው ያደረገውን በግስ እስካልጻፈ ድረስ ለደራሲው ይመለሳል።

ውሳኔውም በማግሥቱ ተፈተነ። ከኛው አንዱ «ፀረ-ጣና» የሚል ግጥም ይዞ መጣ። ሐይቁን ስለሚያቆሽሹ ሰዎች ነው፤ ቁጣው እውነተኛ፣ ቤቱም የሚመታ። መለስንለት። «እነማን ናቸው? ምን አደረጉ?» አልነው። ተቆጣ፤ ወረቀቱን ነጥቆን ሄደ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በባሕር ዳር ዳርቻ ከአንድ ግቢ አጥር ሥር እስከ ውኃው ድረስ ተከትሎት ስለሄደ ቱቦ፣ ስለ ሽታው፣ ቱቦው አፍ ላይ ልብስ ስለምታጥብ ሴት የጻፈውን አመጣ። ርዕሱ «ቱቦው የማን ነው?» ሆኗል። በሚቀጥለው እትም ይወጣል። ደራሲው ግን እስከ አሁን አኩርፎናል፤ ሰላምታችንንም አይመልስም።